ኃይሉ የአፍዛዡ ነው ወይስ የፈዛዡ?



እ.ኤ.አ. በ1784 ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው በፓሲ መንደር አንድ የ12 ዓመት ልጅ ዓይኑ በጨርቅ ታስሮ ወደ አንድ ግቢ ገባ። ከግቢው ዛፎች አንዷን አንድ ሐኪም ቀደም ብሎ መጥቶ በእጁና በበትሩ እየዳበሰ የማይታይ ፈሳሽ ሞልቶባታል። የልጁ ሥራ ዛፎችን በየተራ ማቀፍ ብቻ ነበር። የመጀመሪያዋን እንዳቀፈ ላብ አጠመቀው፤ ሳል ያዘው፤ ራሴን አመመኝ አለ። ሁለተኛዋ ላይ ይበልጥ ደነዘዘ። ሦስተኛዋ ላይ ባሰበት፤ ወደዚያች ዛፍ እየቀረብኩ ነው ብሎም ተናገረ። አራተኛዋን ሲያቅፍ ራሱን ሳተ፤ እጅ እግሩም እንደ እንጨት ደረቀ። ተሸክመው ሣር ላይ አጋደሙት።

ፈሳሹ የተሞላባት ዛፍ ግን ከአራቱ አንዷም አልነበረችም። ልጁ ከወደቀበት 7 ሜትር ያህል ርቃ ቆማለች።

በዚያ ግቢ ይኖር የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። በጊዜው የአሜሪካ መልእክተኛ ሆኖ ፈረንሳይ ተቀምጧል፤ ሕመም ስለያዘውም ሙከራው እሱ ካለበት ድረስ መጣለት። ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ባቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ውስጥ ከእርሱ ጋር የኬሚስትሪው ሊቅ አንቷን ላቯዚዬ፣ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዣን ሲልቫን ባይዪ እና ሐኪሙ ጊዮታን ነበሩበት። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አብዮቱ ሲፈነዳ ላቯዚዬና ባይዪ፣ ንጉሡም ጭምር፣ በዚያው በጊዮታን ስም በተጠራው መሣሪያ አንገታቸው ተቀላ። በ1784 ግን ሁሉም በሕይወት ነበሩ፤ የቀረበላቸው ጥያቄም አንድ ነበር፦ ፍራንዝ አንቶን ሜስሜር አገኘሁት የሚለው ፈሳሽ አለ ወይስ የለም?

ሜስሜር በቪየና የተማረ ሐኪም ነው። በ1766 የመመረቂያ ጽሑፉን የጻፈው ፕላኔቶች በሰው አካል ላይ ስላላቸው ተጽዕኖ ነበር። በ1778 ፓሪስ ሲገባ ጽንሰ ሐሳቡን አሳድጎ መጣ። ዓለምን ሁሉ የሚሞላ ረቂቅ ፈሳሽ አለ፤ በሰው አካል ውስጥ ፍሰቱ ሲታጎል ሕመም ይሆናል፤ ሐኪሙ በእጁ እያንቀሳቀሰ መንገዱን ይከፍትለታል ይል ነበር። በሽተኞቹ በአንድ ትልቅ የእንጨት ገንዳ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ገንዳው ውኃ በተሞሉ ጠርሙሶችና በብረት ብናኝ የተሞላ ነው፤ ከክዳኑ የወጡትን የብረት ዘንጎች ይዘው የሚያማቸው ቦታ ላይ ያስጠጋሉ። ከጎን ለስላሳ ሙዚቃ ይሰማል። ሜስሜር በመካከላቸው ይመላለሳል። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላዋ ትጮኻለች፣ ሌላው ይወድቃል። ብዙዎቹ ሲነሡ ተሻለን ይሉ ነበር። ሜስሜርን አጭበርባሪ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ በፈሳሹ ከልቡ የሚያምን ሰው ነበር።

ኮሚሽኑ የደረሰበት ግልጽ ነው። በሽተኛው ሳያውቅ ሜስሜር "ማግኔት" የሚለው ዘዴ ሲደረግበት ምንም አይሆንም፤ ሳይደረግበት ተደርጎብኛል ብሎ ሲያምን ግን ይንፈራገጣል። ስለዚህ ፈሳሽ የለም፤ ያለው ምናብ ነው። መልሱ ትክክል ነበር። ሆኖም ልጁ በእርግጥ ወድቋል፤ እግሩ በእርግጥ ደርቋል። ምናብ ይህን ካደረገ፣ እንዴት አደረገው? ይህን ለመጠየቅ ኮሚሽኑ አልተላከም፤ አልጠየቀምም።

ከሜስሜር ዘዴ የተወለደው ዛሬ ሂፕኖሲስ የምንለው ነው፤ ጉዳዩም ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ሂፕኖሲስ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሮጠው ወደ አፍዝ አደንግዝ ነው። "ሰላም ብሎ እጄን ጨበጠኝ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም፤ የአንገት ሐብሌን በገዛ እጄ አውልቄ ሰጠሁት" የሚል ወሬ ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ቃሉ ራሱ አስተሳሰቡን ይዞታል፦ የሚያፈዝ አለ፣ የሚፈዝ አለ፤ ኃይሉም ያለው ከአፍዛዡ ዘንድ ነው። ከፓሲው ግቢ ወዲህ ከሁለት ምዕተ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ የተደረገው ምርምር ያሳየው ግን የዚህን ግልባጭ ነው።

የመጀመሪያው ምልክት የታየው በዚያው በ1784 ነው። የሜስሜር ተማሪ የነበረው ማርኪ ደ ፒዩሴጉር በቢዩዛንሲ ርስቱ ላይ የሚሠራ አንድ ወጣት ገበሬ ሲያክም ልጁ አልተንፈራገጠም፤ እንቅልፍ የመሰለ ጸጥታ ውስጥ ገብቶ በሰከነ አንደበት ይነጋገር ጀመር። ከህንድ ጎዋ የመጣው ቄስ ፋሪያ ደግሞ በ1813 ፓሪስ ውስጥ ከእኔ የሚወጣ ምንም ኃይል የለም፣ ሁሉ ነገር የሚሆነው በተቀመጠው ሰው ውስጥ ነው ብሎ አስተማረ። የሚገባውን ያህል ሰሚ አላገኘም።

ሂፕኖሲስ የሚለውን ስም ያስለመደው ጄምስ ብሬድ ነው፤ በማንቸስተር የሚሠራ ስኮትላንዳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም። በኅዳር 1841 የአንድ ተዘዋዋሪ "ማግኔቲስት" ትርኢት ላይ የተገኘው ተንኮሉን ለማጋለጥ ነበር። አንድ ነገር ግን ዓይኑን ያዘው፤ መድረክ ላይ ያለው ሰው የዓይን ቆቡን በእርግጥ መግለጥ አልቻለም። ቤቱ ገብቶ ራሱ ሞከረው። አንዱን ወዳጁን የጠርሙስ አንገት ላይ፣ ሚስቱን የስኳር ማስቀመጫ ላይ ዓይናቸውን ተክለው እንዲያዩ አደረጋቸው። ሁለቱም ዓይናቸው ተከደነ። ከስኳር ማስቀመጫ ረቂቅ ፈሳሽ ይወጣል የሚል ደግሞ የለም። ብሬድ በ1843 ባሳተመው መጽሐፍ ሁኔታውን በግሪክኛ እንቅልፍ ከሚለው ቃል ነሥቶ ሰየመው። ኋላ ነገሩ እንቅልፍ ሳይሆን አሳብ በአንድ ነጥብ ላይ መከተሩ መሆኑን ሲረዳ ስሙን ሊለውጥ ቢሞክርም አልሆነለትም። ስህተቱ እስከ ዛሬ ከእኛ ጋር አለ፤ የአንጎል ሞገድ ሲለካ በሂፕኖሲስ ያለ ሰው የነቃ ሰው እንጂ የተኛ ሰው ሞገድ አያሳይም።

ታዲያ በእውነት ምን ይደረጋል? ሲኒማው እንደሚያሳየው የሚወዛወዝ ሰዓት አያስፈልግም። ሰውየው ይቀመጣል። ባለሙያው በዝግታ፣ ቃል እየደጋገመ፣ አንድ ነገር ላይ እንዲያተኩር፣ ትንፋሹን እንዲያዳምጥ፣ ጡንቻውን እንዲያላላ ይነግረዋል። ቀጥሎ ባለሙያዎቹ "ሰጀስሽን" የሚሉት፣ እኛ እዚህ ጥቆማ የምንለው ይመጣል፦ "ክንድህ እየከበደ ነው፤ ወደ ታች እየወረደ ነው" ይለዋል። ክንዱ ይወርዳል። ክንዱን ማውረድማ ማንም ይችላል። ልዩ የሚሆነው ተሳታፊው "እኔ አላወረድኩትም፤ ራሱ ወረደ" ማለቱ ነው። የሂፕኖሲስ እንቆቅልሽ በሙሉ ያለው በዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። አድራጊው ራሱ ነው፤ ማድረጉ ግን አይሰማውም።

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኧርነስት ሂልጋርድና አንድሬ ዋይዘንሆፈር ይህን ለመለካት መስፈሪያ አዘጋጁ። በ1962 የወጣው 12 ፈተናዎች አሉት። ቀላሉ ክንድ መክበድ ነው። መሃል ላይ የሌለች ትንኝ ስታንዣብብ መስማት፣ አፍ ውስጥ ጣፋጭና ጎምዛዛ ነገር መቅመስ ይመጣል። ከዚያ ይከብዳል፤ አፍንጫ ሥር አሞኒያ ተደርጎ ምንም አይሸትህም ይባላል፤ ሦስት ሣጥኖች ከፊት ተቀምጠው ሁለት ብቻ ናቸው ይባላል። ሦስተኛውን በእርግጥ የማያዩ ሰዎች አሉ። ጥቂት ናቸው። ከመቶ ሰው ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ብዙውን ፈተና ያልፋሉ፤ ያንኑ ያህል ምንም ያህል ቢነገራቸው ምንም አይሰማቸውም፤ የቀረው በመካከል ነው። በ1989 የወጣ ጥናት ደግሞ በተማሪነታቸው የተፈተኑ 50 ሰዎችን ከ25 ዓመት በኋላ ፈትኖ ውጤታቸው ከድሮው ጋር በእጅጉ ተቀራራቢ ሆኖ አገኘው። ቀጣሪው፣ ሚስቱ፣ የጸጉሩ ቀለም ሳይቀር የተለወጠ ሰው ይህ ጠባዩ አልተለወጠም። አፍዝ አደንግዝን ለሚፈራ ሰው ከዚህ የሚበልጥ መልስ የለም። ኃይሉ የአፍዛዡ ቢሆን ኖሮ አንዱ ባለሙያ ያፈዘዘው ሁሉ ይፈዝ፣ ሌላው የነካው ሁሉ አይፈዝ ነበር። የሚለያየው ግን ተቀማጩ ነው።

ይህ ጠባይ ምንድነው? እዚህ ላይ ሊቃውንቱ ተከፍለዋል፤ ክፍፍላቸውም ቆየት ያለ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፓሪሱ ሳልፔትሪየር ሆስፒታል ታላቁ የነርቭ ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ ሂፕኖሲስ የነርቭ በሽታ ምልክት ነው፣ በሂስቴሪያ የተያዙት ላይ ብቻ ይከሰታል አለ። በናንሲ ከተማ ደግሞ የገጠር ሐኪሙ ሊየቦና ፕሮፌሰር በርንሃይም ደህናውም ሰው ይቀበለዋል፣ ነገሩ ጥቆማ ብቻ ነው ብለው ተቃወሙት። ሻርኮ ተሸነፈ። በሽተኞቹ የሚያሳዩት ምልክት ሐኪሞቹ ከእነርሱ የሚጠብቁትን ነበር፤ ወጣቶቹ ረዳቶች በፊታቸው ሲወያዩ እየሰሙ ተምረውታል። ያ ስህተት እስካሁን ድረስ የሂፕኖሲስ ተመራማሪ ሁሉ የሚፈራው ወጥመድ ነው። ሁለቱንም ቤት የረገጠው ወጣት ሲግመንድ ፍሮይድ ቆየት ብሎ ሂፕኖሲስን ትቶ የራሱን መንገድ ያዘ።

ክርክሩ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሂልጋርድ ዘንድ ሌላ መልክ ያዘ። አንድ ቀን በክፍል ውስጥ ለአንድ ዓይነ ስውር ተማሪ እጄን ትከሻህ ላይ እስካሳርፍ ድረስ ምንም አትሰማም ተባለ። ከጆሮው ሥር ከፍተኛ ድምፅ ተደረገ፤ ንቅንቅ አላለም። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ቢያንስ ከአእምሮው አንዱ ክፍል ይሰማ ይሆን? ብሎ ጠየቀ። ሂልጋርድ በለሆሳስ፣ የሚሰማ ክፍል ካለ ጣት ያንሣ አለ። ጣቱ ተነሣ። ልጁም ወዲያው፣ ጣቴ ሲነሣ ተሰምቶኛል፣ ምን እንዳደረጋችሁ እንድትነግሩኝ ጆሮዬን መልሱልኝ አለ። ሂልጋርድ ከዚህ ተነሥቶ "ስውሩ ታዛቢ" ያለውን ሐሳብ አወጣ፤ በ1977 በመጽሐፍ አሳተመው። አእምሮ አንድ አዛዥ ያለው ቤት አይደለም፤ በሂፕኖሲስ ጊዜ አንዱ ክፍል ከሌላው ይነጠላል። እጁን በረዶ ውኃ ውስጥ የከተተው ሰው አፉ አላመመኝም ሲል ስውሩ ታዛቢ ግን አሞኛል ይላል።

በካናዳው ካርልተን ዩኒቨርሲቲ ኒኮላስ ስፓኖስ ይህን አልተቀበለውም። ለተሳታፊዎቹ ስውሩ ክፍላችሁ ከእናንተ ያነሰ ሕመም ይሰማዋል ብሎ ሲነግራቸው ያነሰ ሕመም ተናገሩ፤ የበለጠ ይሰማዋል ሲላቸው የበለጠ ተናገሩ። ታዛቢው አእምሮ ውስጥ ተደብቆ የነበረ ሳይሆን ከጠያቂው የተቀበሉት ነው አለ። ለስፓኖስና ከእርሱ በፊት ለቴዎዶር ሳርቢን ሂፕኖሲስ ልዩ የአእምሮ ሁኔታ ሳይሆን ሚና መቀበል ነው። ኧርቪንግ ኪርሽ ደግሞ ዋናው መጠበቅ ነው ይላል፤ ክንዴ ይከብዳል ብሎ የጠበቀ ሰው ክንዱ ይከብደዋል።

"ሚና" ሲባል ማስመሰል ማለት ይመስላል። አይደለም። ይህን ከማንም በተሻለ ያስረዳው ሥራ የተሠራው ደግሞ ጎንደር ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ጉዞ አባል ሆኖ በ1932 ጎንደር ውስጥ ለወራት ተቀመጠ፤ በከተማዋ ከታወቀች የባለዛሮች መሪ ቤት እየተመላለሰ ያየውን ሁሉ ጻፈ። ዛሩ የሰፈረበት ሰው የዛሩ "ፈረስ" ይባላል፤ ያጓራል፣ በሌላ ድምፅ ይናገራል፣ እንደ ጌታ ያዝዛል። ሌሪስ ያስተዋለው ባለዛሮቹ እንደ ሁኔታው አንዱን ዛር ትተው ሌላውን እንደ ልብስ ሲለብሱት ነው። ግን አታላዮች ናቸው አላለም። በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ የሚጫወቱት ቴአትርና የሚኖሩበት ቴአትር ብሎ ለየው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ወሰን ደግሞ ለራሳቸው ለባለዛሮቹም የጠራ አይደለም። ዛርና ሂፕኖሲስ አንድ አይደሉም፤ አንዱ እምነትና ማኅበር ያለው ሥርዓት ነው፣ ሌላው የቤተ ሙከራና የክሊኒክ ዘዴ። ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ "እያስመሰለች ነው ወይስ በእርግጥ ይዟታል?" ብሎ መጠየቅ ከጅምሩ የተሳሳተ ጥያቄ ይሆናል። ሰው ሙሉ በሙሉ ገብቶበት፣ አድራጊነቱን ራሱ ሳያውቀው የሚጫወተው ሚና አለ።

የአንጎል ምርመራ መሣሪያዎች ሲመጡ ማስመሰል ነው የሚለው ክስ ይበልጥ ደከመ። በ1997 በሞንትሪያል እነ ፒየር ሬንቪል የተሳታፊዎችን እጅ የሚያቃጥል ሙቅ ውኃ ውስጥ አስገቡ። የውኃው ሙቀት ሳይለወጥ በሂፕኖሲስ ጥቆማ ብቻ የሕመሙን አስከፊነት ከፍና ዝቅ አደረጉት። ስሜቱ የሚመዘንበት የአንጎል ክፍል፣ አንቲሪየር ሲንጉሌት የሚባለው፣ አብሮ ከፍና ዝቅ አለ፤ የቆዳን ስሜት የሚቀበለው ክፍል ግን በነበረበት ቆየ። ውኃው ያው፣ ሙቀቱ ያው፤ "ያስጠላል" የሚለው ፍርድ ብቻ ተለወጠ። ቀድሞ የመድረክ ምትሃተኛ የነበረው አሚር ራዝ ያደረገው ይበልጥ ያስገርማል። "ቀይ" የሚለው ቃል በአረንጓዴ ቀለም ቢጻፍና የቀለሙን ስም ተናገር ብትባል ትዘገያለህ፤ ማንበብ የለመደ ዓይን ሳያነብ ማለፍ አይችልምና። ራዝ ለጥቆማ ቅርብ ለሆኑ ሰዎች ፊደሎቹ የማታውቁት የባዕድ አገር ፊደል ናቸው አላቸው። መዘግየቱ ጠፋ። ይህን አስመስሎ ማድረግ ይከብዳል።

ሐኪም ቤት ውስጥ ያለው ታሪክም ረጅም ነው። ጄምስ ኤስዴይል የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ከ1845 ጀምሮ ካልካታ አጠገብ በሁግሊ ረዳቶቹ በሽተኛውን ለሰዓታት እየዳበሱ በሚያሳድሩበት ጸጥታ ብዙ ከባድ ቀዶ ሕክምናዎችን ሠራ። በጥቅምት 1846 ቦስተን ውስጥ የኤተር ማደንዘዣነት በሕዝብ ፊት ታየ፤ በደቂቃ የሚያደነዝዝ መድኃኒት እያለ ሰዓታት የሚጠብቅ አልተገኘም። ያም ትክክል ነበር። ዛሬ ሂፕኖሲስ የተመለሰው መድኃኒቱን ሊተካ ሳይሆን ሊያግዘው ነው። በቤልጂየም ሊዬዥ የማደንዘዣ ሐኪሟ ማሪ ኤልዛቤት ፋሞንቪል ከ1992 ጀምራ ሂፕኖሲስን ከቀላል ማስታገሻና ከአካባቢያዊ ማደንዘዣ ጋር አጣምራ በሺህ ለሚቆጠሩ በሽተኞች፣ የእንቅርት ቀዶ ሕክምናን ጨምሮ፣ ሙሉ ማደንዘዣን አስቀርታለች። በ2000 ኤልቪራ ላንግና ባልደረቦቿ 241 በሽተኞችን በሦስት ከፍለው ባደረጉት ጥናት ደግሞ የደም ሥርና የኩላሊት ሕክምናው በሂፕኖሲስ ሲታገዝ በአማካይ 61 ደቂቃ፣ በተለመደው መንገድ 78 ደቂቃ ፈጅቷል። ከሁሉ ጠንካራ ማስረጃ ካላቸው አንዱ የአንጀት ቁጣ ነው፤ ፒተር ሆርዌል በ1984 ማንቸስተር ውስጥ የጀመረው ምርምር በመድኃኒት ያልተሻላቸውን ሰዎች ረድቷል።

ጉዳቱን መደበቅ ግን ወንጀል ነው። ሂፕኖሲስ የጠፋ ትዝታ አይመልስም። ሰውየው ብዙ ይናገራል፤ ከሚናገረው ውስጥ ስህተቱ ይበዛል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ በስህተቱ ላይ ያለው እርግጠኝነት ይጨምራል። በአሜሪካ በሂፕኖሲስ "አስታወስኩ" ባሉ ምስክሮች ቃል ንጹሓን ሊቀጡ እንደሚችሉ ሲታይ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 እንዲህ ያለውን ምስክርነት አገደ።

ወደ አፍዝ አደንግዝ እንመለስ። ማርቲን ኦርንና ፍሬደሪክ ኢቫንስ በ1965 ሂፕኖሲስ ውስጥ ያሉ ሰዎችን መርዘኛ እባብ በእጃችሁ ያዙ፣ አሲድ በረዳቱ ፊት ላይ ድፉ አሏቸው፤ አደጋው በስውር ተከልክሎ ነበር። አብዛኞቹ ታዘዙ። ነገር ግን ሂፕኖሲስ ውስጥ ሳይገቡ እንዲያስመስሉ የተነገራቸውም እንዲሁ ታዘዙ። ያዘዛቸው ፈዘዝ ማለታቸው አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲው ጉዳት እንዲደርስ አይፈቅድም የሚለው እምነታቸው ነው። በመንገድ ላይ ሐብል የሚያስወልቅ ሌባም የሚሠራው በማዋከብ፣ በማስፈራራትና በማሳመን ነው፤ የሰውን ፈቃድ እጅ በመጨበጥ የሚነጥቅ ሂፕኖሲስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ታይቶ አያውቅም። የተዘረፈ ሰው ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል፤ አጥፊው ሌባ እንጂ መተት ስላልሆነ ፖሊስ ጋር መሄድ ይችላል።

እንግዲህ፣ ታዳሚዎች፣ ነገ ከእናንተ ወይም ከልጆቻችሁ ለአንዱ ሂፕኖሲስ ላድርግልህ የሚል ሰው ቢመጣ ስለ ኃይሉ አትጠይቁት። ይህን ሕመም ያለ ሂፕኖሲስ ማከም ትችላለህ ወይ? ፈቃድህስ የት አለ? ብላችሁ ጠይቁት። ሐኪም ከሆነ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ከሆነ፣ የጥርስ ሐኪም ከሆነ መልስ አለው። አልችልም ካላችሁ፣ ወይም የጠፋ ትዝታህን እመልስልሃለሁ፣ መድኃኒትህን አቁም ካላችሁ ከቤቱ ውጡ።